የሞዴል ዕይታው ሲጠፋ መጀመሪያ የምጠይቀው

መረጃን ወደ ግራፍና ሪፖርት በሚለውጠው የማይክሮሶፍት ፕሮግራም፣ በፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ፣ የግራ ጠርዝ ላይ ከላይ ወደ ታች የተደረደሩ ትናንሽ ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው የሪፖርት ዕይታ፣ ቀጥሎ ያለው የሠንጠረዥ ዕይታ፣ ሦስተኛው የሞዴል ዕይታ ነው። ሰዎች ለእርዳታ ወደ እኔ ከሚመጡባቸው ጉዳዮች ደጋግሞ የሚገጥመኝ ከእነዚህ አንዱ ሲጠፋ የሚፈጠረው ድንጋጤ ነው። ሠንጠረዦቹን ከዝምድና መስመሮቻቸው ጋር የሚያሳየው ሥዕል ትናንት ነበረ፤ ዛሬ የለም። ወይም ምልክቱ በቦታው ሆኖ ሲጫኑት ባዶ ነጭ ገጽ ብቻ ይወጣል። የሁሉም የመጀመሪያ ቃል አንድ ነው፤ «ሥራዬ ጠፋ።»

አብዛኛውን ጊዜ ሥራው አልጠፋም። ሞዴሉ ማለት ሠንጠረዦቹ፣ በመካከላቸው ያለው ዝምድናና በዳክስ (በፓወር ቢአይ የቀመር ቋንቋ) የተጻፉት ስሌቶች ናቸው። ዕይታው እነዚህን ለዓይን የሚያቀርብ ሥዕል ነው። ሥዕሉ ሳይኖር ሞዴሉ ሊኖር ይችላል፤ ግራፎቹ ትክክለኛ ቁጥር ማሳየታቸውን ከቀጠሉ ደግሞ ሞዴሉ አንድ ቦታ ላይ በሕይወት መኖሩ የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙን ማራገፍም ሆነ ሌላ ኮምፒውተር መፈለግ ከመምጣቱ በፊት የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሞዴሉ የሚኖረው የት ነው? እዚህ ፋይል ውስጥ ነው ወይስ ሌላ ቦታ?

የዚህ ጥያቄ ዋጋ ይበልጥ የገባኝ የሒሳብ ክፍል ባልደረባችን ያጋጠማቸውን ካየሁ በኋላ ነው። የወርሃዊ ወጪ ሪፖርት የሚያዘጋጁ፣ ሥራቸውን የሚያከብሩ ትልቅ ሰው ናቸው። ኮምፒውተራቸው ተቀይሮ ሪፖርቱን በአዲሱ ላይ ሲከፍቱት ግራፎቹ ሁሉ በቦታቸው ነበሩ፤ ድምሮቹም ልክ ነበሩ። የሠንጠረዥ ዕይታው ምልክት ግን የለም። የሞዴል ዕይታው ሲከፈት ሠንጠረዦቹ ይታያሉ እንጂ አንድም ነገር ማስተካከል አይቻልም። ፕሮግራሙ ተራግፎ እንደገና ተጭኖ ነበር፤ ለውጥ አላመጣም። እኔ ጋ ሲደርሱ ዝምድናዎቹን ከትዝታ እየለቀሙ በወረቀት ላይ መሣል ጀምረው ነበር። ያን ወረቀት ሳየው ከልቤ አዘንኩ፤ ዓመታት የተደከመበት ሞዴል በትዝታ አይተካም።

«ይህን ፋይል ያገኙት ከየት ነው?» አልኳቸው።

«ከኢንተርኔቱ ላይ ነው ያወረድኩት። የአሮጌው ኮምፒውተር ፋይሎች ገና አልመጡልኝም።»

ነገሩ እዚያ ላይ ተፈታ። አንድን ሪፖርት ከፓወር ቢአይ የኢንተርኔት አገልግሎት ላይ ስናወርድ ፕሮግራሙ ሁለት ምርጫ ያቀርባል። አንደኛው ሪፖርቱን ከነመረጃው ይሰጣል። ሁለተኛው ሪፖርቱን ብቻ ሰጥቶ መረጃውን እዚያው አገልግሎቱ ላይ ትቶ በቀጥታ ግንኙነት ያያይዘዋል። ሁለቱም ፒቢአይኤክስ የሚባለው የፓወር ቢአይ ፋይል ይሆናሉ፤ በፋይል ማሳያው ውስጥ ምልክታቸው አንድ ነው፤ ስማቸውም አንድ ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው ግን የቤትና የቤት ቁልፍ ያህል ነው። በሁለተኛው ዓይነት ፋይል ውስጥ ሞዴል የለም። ገጾቹና ግራፎቹ ብቻ ናቸው ያሉት። ሞዴል ከሌለ የሠንጠረዥ ዕይታው የሚያሳየው ነገር ስለማይኖር ምልክቱ ይነሣል። የሞዴል ዕይታው በአዲሶቹ እትሞች ለመመልከት ብቻ ይከፈታል፤ በቆዩት እትሞች ግን እሱም ጭራሽ አይታይም ነበር። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ያለውን ነገር በትክክል እያሳየ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ መድከም አያስፈልግም። ከመስኮቱ በታችኛው ጠርዝ ያለውን ቀጭን መስመር አንብቡ። ፋይሉ በቀጥታ ግንኙነት የተያያዘ ከሆነ ከየትኛው ሴማንቲክ ሞዴል (አገልግሎቱ ላይ ያለው ሞዴል የሚጠራበት ስም) ጋር፣ በየትኛው ወርክስፔስ (በአገልግሎቱ ላይ ያለ የጋራ የሥራ ቦታ) እንደተገናኘ እዚያ ተጽፏል። ብዙ ሰው ያንን መስመር አንብቦት አያውቅም። እኔ ግን የማንንም ፋይል ስከፍት ከግራፎቹ በፊት ዓይኔን የማሳርፈው እዚያ ላይ ነው።

እዚያው መስመር አጠገብ በሞዴሉ ላይ ለውጥ ለማድረግ የሚጋብዝ ማያያዣ አለ። እባካችሁ እሱን ከመጫናችሁ በፊት አስቡበት። የጠፋውን ዕይታ የሚመልስ ይመስላል፤ የሚሠራው ግን ሌላ ነው። ቀጥታ ግንኙነቱን መረጃውን ሳያስገባ ምንጩን እየጠየቀ ወደሚሠራው ወደ ዳይሬክት ኩዌሪ ይለውጥና በፋይላችሁ ውስጥ አዲስ አካባቢያዊ ሞዴል ይፈጥራል። ይህ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በታኅሣሥ 2020 ለሙከራ የወጣ ጠቃሚ ችሎታ ነው፤ የአንድን ክፍል ሞዴል ከሌላ ሠንጠረዥ ጋር ማዋሃድ ለሚፈልግ ሰው ብዙ ነገር ያቀልላል። ነገር ግን ፋይሉ አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ወደ ቀጥታ ግንኙነት አይመለስም። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ያ ሰው አሁን በዋናው ሞዴል ላይ ሳይሆን በላዩ በተደረበ ሌላ ሞዴል ላይ እየሠራ መሆኑ ነው። ዝምድና ሲጨምር ዋናውን ያስተካከለ ይመስለዋል፤ ዋናው ግን አልተነካም። ከዚያ ሁለት ሪፖርቶች ሁለት ዓይነት ድምር ይዘው አንድ ስብሰባ ላይ ይቀርባሉ። በስህተት የተጫነ ከሆነ ፋይሉን ሳያስቀምጡ መዝጋት ያድናል።

ትክክለኛው መፍትሔ ሞዴሉ ወዳለበት መሄድ ነው። የባልደረባችንን ሪፖርት ወደ አገልግሎቱ ተመልሰን የመጀመሪያውን ምርጫ መርጠን ከነመረጃው አወረድነው፤ ሦስቱም ዕይታዎች ተመለሱ። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ሲከቱት ፊታቸው ላይ ያየሁት እፎይታ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ካነሣሡኝ ነገሮች አንዱ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀልም። ሪፖርቱና ሞዴሉ ከመጀመሪያው ለየብቻ የተሠሩ ከሆኑ ሪፖርቱን ማውረድ ሞዴሉን አያመጣም፤ የሴማንቲክ ሞዴሉን የራሱን ገጽ ከፍቶ ከዚያ ማውረድ ያስፈልጋል። ለማውረድ ደግሞ በወርክስፔሱ ውስጥ ከተመልካችነት ያለፈ ሚና ሊኖር ይገባል። አዲስ የገባውን መረጃ ብቻ እየጨመረ እንዲታደስ የተዘጋጀ ሞዴል፣ ማለትም ኢንክሪመንታል ሪፍሬሽ የተደረገለት፣ አገልግሎቱ ላይ ከታደሰ በኋላ በፒቢአይኤክስ መልክ አይወርድም። እንዲህ ያለ ሞዴል የሚያስተዳድር ሰው ዋናውን ፋይል ካላስቀመጠ የሚመለስበት ቀላል መንገድ የለውም። ዋናው ፋይል የት እንዳለ የማይታወቅበት ክፍል ሳገኝ የምጨነቀው ለዚህ ነው።

ከቀጥታ ግንኙነት ሌላ የሠንጠረዥ ዕይታን የሚያስቀር ሁለተኛ ምክንያት አለ፤ እሱም ራሱ ዳይሬክት ኩዌሪ ነው። ሁሉም ሠንጠረዦች በዚህ መንገድ የተገናኙ ከሆነ ረድፎቹ ወደ ፋይሉ አይገቡም፤ እያንዳንዱ ግራፍ በተከፈተ ቁጥር ጥያቄ ወደ ምንጩ ይላካል። የተቀመጠ ረድፍ ስለሌለ የሠንጠረዥ ዕይታው አይኖርም፤ የሞዴል ዕይታው ግን ይኖራል፤ ማስተካከልም ይቻላል። ግማሹ ሠንጠረዥ በኢምፖርት (ረድፎቹ ወደ ፋይሉ ገብተው)፣ ግማሹ በዳይሬክት ኩዌሪ ከሆነ ደግሞ በሠንጠረዥ ዕይታው ውስጥ የሚታዩት የኢምፖርቶቹ ረድፎች ብቻ ናቸው። «ግማሹ መረጃ ጠፋ» የሚለው አቤቱታ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይመጣል። በሞዴል ዕይታው ውስጥ ሠንጠረዡን መርጦ በባሕርያት ሰሌዳው ላይ የማከማቻ ስልቱን ማየት መልሱን ይሰጣል።

አሁን ወደ ሌላው ዓይነት ልምጣ፤ ምልክቱ አለ፣ ሞዴሉም ፋይሉ ውስጥ አለ፣ ሥዕሉ ግን ባዶ ነው። ይህ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ነው፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በጥቂት ደቂቃ ይፈታል፤ የተጨነቀ ሰውም ዓይኔ እያየ ይረጋጋል።

መጀመሪያ ከታች ያሉትን ታቦች እመለከታለሁ። የሞዴል ዕይታው አንድ ሥዕል ብቻ አይደለም። «ሁሉም ሠንጠረዦች» ከሚለው ታብ ቀጥሎ የመደመር ምልክት አለ፤ እሱን የነካ ሰው አዲስ ባዶ ሥዕል ይከፈትለታል። ያ አዲስ ሥዕል የተሠራው እናንተ የምትፈልጉትን ሠንጠረዥ እየጎተታችሁ እንድታስገቡበት ነው፤ እስክታስገቡበት ድረስ ባዶ ነው። በስህተት የተከፈተ ባዶ ታብ ሞዴሉ የተሰረዘ ያስመስላል። ወደ መጀመሪያው ታብ መመለስ ብቻ ይበቃል።

የመጀመሪያው ታብ ራሱ ባዶ ከሆነ ሠንጠረዦቹ ከማያው ውጭ ርቀው ሄደው ሊሆን ይችላል። አንድ ሠንጠረዥ በጣም ርቆ ከተጎተተ፣ ማጉያውም ከፍ ካለ፣ ስክሪኑ ላይ የቀረው ባዶ ሜዳ ይሆናል። በቀኝ በኩል ከታች ካለው የማጉያ መስመር አጠገብ ሁሉን ከስክሪኑ ጋር የሚያመጣጥን ምልክት አለ፤ እሱን መጫን ሠንጠረዦቹን ይመልሳል። አቀማመጡን ከነጭራሹ እንደገና የሚያስተካክል ሌላ ምልክትም አለ፤ ይህንን ግን በእጃችሁ በጥንቃቄ ያስተካከላችሁት አቀማመጥ ካለ አትንኩት። ያን አቀማመጥ ያፈርሰዋል።

ሞዴሉ ትልቅ ከሆነ ደግሞ ፕሮግራሙ ራሱ ሆን ብሎ አያሳይም። ከ75 በላይ ሠንጠረዦች ሲኖሩ ሁሉንም በአንድ ሥዕል ላይ መሳል የኮምፒውተሩን ማስታወሻና ማስሊያ በእጅጉ ስለሚይዝ በሥዕሉ ፈንታ የራሳችሁን ሥዕል እንድትፈጥሩ የሚጋብዝ መልእክት ይመጣል። እያደገ የሄደ ሞዴል ያን ገደብ ሲያልፍ ሥዕሉ በድንገት የጠፋ ይመስላል። እኔ በበኩሌ ይህንን ገደብ እደግፈዋለሁ። 75 ሠንጠረዥ በአንድ ሥዕል ላይ ማንም አያነብም። ሽያጩን ከነአካባቢ ሠንጠረዦቹ ለብቻ፣ ግዢውን ለብቻ፣ ደመወዙን ለብቻ አድርጎ መሣል ለሚቀጥለው ሰው ትልቅ ውለታ ነው። አንድ ዋና ሠንጠረዥ ካስገባችሁ በኋላ በቀኝ ቁልፍ ተዛማጅ ሠንጠረዦቹን ማከል ስለሚቻል ሥራው አድካሚ አይደለም።

በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ስትሠሩ አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቁ። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የቀኝ ቁልፍ ሲጫን ከሚመጡት ምርጫዎች መካከል አንዱ ከሥዕሉ ላይ ማንሣት ነው፤ ሌላው ከሞዴሉ መሰረዝ ነው። የመጀመሪያው ሥዕሉን ብቻ ያቀልላል። ሁለተኛው ሠንጠረዡን ከነዝምድናዎቹ ያጠፋዋል፤ በእሱ ላይ የተመሠረቱ ግራፎችም ይሰበራሉ። ሁለቱ ተቀራርበው ነው የተቀመጡት። የማስጠንቀቂያ መልእክት ሲመጣ ሳያነቡ ማለፍ እዚህ ላይ ውድ ዋጋ ያስከፍላል።

ስክሪኑ ራሱ ጥፋተኛ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ቢያንስ 1440 በ900 ጥራት ያለው ስክሪን ይፈልጋል፤ 1024 በ768 ወይም 1280 በ800 በሆኑት ላይ አንዳንድ መቆጣጠሪያዎች ከስክሪኑ ወሰን ውጭ ስለሚወድቁ እነዚህ አይደገፉም። በዊንዶውስ የማሳያ ቅንብር ላይ ጽሑፍና ፕሮግራሞች ከ100 በመቶ በላይ እንዲጎሉ ተደርጎ ከሆነም መልእክትና ምርጫ የሚያቀርቡ አንዳንድ ትናንሽ መስኮቶች ላይታዩ ይችላሉ። በፕሮጀክተር ላይ ሲያገናኙ ብቻ ዕይታው የሚጎድልባቸው ሰዎች መጀመሪያ ይህን ይመልከቱ።

የድሮ መመሪያ ይዞ የሚፈልግ ሰውም ያለውን ነገር የለም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ፕሮግራሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2015 በይፋ ከወጣ ወዲህ ስሞቹ ተለዋውጠዋል። የዛሬው የሞዴል ዕይታ ቀድሞ የዝምድና ዕይታ ይባል ነበር፤ የሠንጠረዥ ዕይታው የዳታ ዕይታ ነበር፤ ዳታሴት ይባል የነበረው ደግሞ በኅዳር 2023 ሴማንቲክ ሞዴል ተባለ።

ከዚያ የፈቃድ ጉዳይ አለ። አንድ ሠንጠረዥ በሞዴሉ ውስጥ የተደበቀ ብቻ ከሆነ በሞዴል ዕይታው ላይ የተሰረዘች ዓይን ምልክት ይዞ ይታያል፤ መግለጥም ቀላል ነው፤ መደበቅ ምስጢር መጠበቂያ አይደለምና። ኦብጀክት ሌቭል ሴኩሪቲ የሚባለው፣ ሠንጠረዥን ከተወሰኑ ሰዎች የሚሰውር ጥበቃ የተደረገለት ሠንጠረዥ ግን ሌላ ነው። ያ ጥበቃ የሚመለከተው ሰው ተመልካች ሆኖ ሲገባ ሠንጠረዡም ሆነ ስሙ ጭራሽ አይኖርለትም፤ እሱን የሚጠቅሱ ግራፎችም ስህተት ያሳዩታል። የወርክስፔሱ አስተዳዳሪ፣ አባል ወይም አበርካች የሆነ ሰው ግን ሁሉን ያያል። ስለዚህ ለአንዱ ሰው የሚታየው ለሌላው ካልታየ ፋይሉን ከመመርመር በፊት የሁለቱን ሚና ማነጻጸር ይቀድማል። ደመወዝ ወይም የሕክምና መረጃ የያዘ ሠንጠረዥ ከሆነ ደግሞ ያልታየው ሆን ተብሎ ነው፤ ለመክፈት ከመጣደፍ ባለቤቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

በኤክሴል ለሚሠሩም ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። በኤክሴል ውስጥ ሞዴሉ የሚሠራበት ፓወር ፒቮት የሚለው ታብ ከላይኛው ረድፍ ይጠፋል፤ ከእሱ ጋር የሥዕል ዕይታውም ይጠፋል። ፓወር ፒቮት መጀመሪያ ለኤክሴል 2010 በተጨማሪነት የመጣ ነው፤ ከ2013 ጀምሮ የመረጃ ሞዴሉ የኤክሴል አካል ሆነ፤ ታቡ ግን እስከ ዛሬ የሚበራና የሚጠፋ ተጨማሪ ነው። ኤክሴል በድንገት ከተዘጋ ተጨማሪውን ጥፋተኛ አድርጎ ሊያግደው ይችላል። ከፋይል ወደ አማራጮች፣ ከዚያ ወደ ተጨማሪዎች ገብቶ ከታች ባለው ዝርዝር ኮም ተጨማሪዎችን መምረጥና ከፓወር ፒቮት ፊት ያለውን ሳጥን ማብራት ነው። በዚያ ካልተገኘ እዚያው ዝርዝር ላይ የታገዱትን የሚያሳየው ክፍል ውስጥ አለ። ሞዴሉ በኤክሴል ፋይሉ ውስጥ እንደተቀመጠ ስለሆነ ፒቮት ሠንጠረዦቹ ታቡ ባይኖርም ይሠራሉ። በማክ ኮምፒውተር ላይ ግን ፓወር ፒቮት ስለሌለ ቅንብሩን መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ይህ ሁሉ ታይቶ አሁንም ጥርጣሬ ከቀረ ሞዴሉን ያለ ሥዕሉ እመረምረዋለሁ። ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ፋይል ሲከፍት ከጀርባ አናሊሲስ ሰርቪስስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት የመረጃ ማስሊያ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያስነሣል። ዳክስ ስቱዲዮ የሚባለው ነጻ መሣሪያ ከዚያ ማስሊያ ጋር በቀጥታ ተገናኝቶ ሠንጠረዦቹንና ስሌቶቹን ይዘረዝራል፤ ታቡላር ኤዲተርም እንዲሁ፤ እሱ ዝምድናዎቹንም ያሳያል። ዝርዝሩ ሙሉ ከሆነ የተጎዳው ሥዕሉ ብቻ ነው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰው በሰላም ያድራል።

ሥዕሉ የሚቀመጥበት ቦታም የታወቀ ነው። የፒቢአይኤክስ ፋይል በውስጡ የታመቀ ጥቅል ነው፤ የሞዴሉ መረጃ በአንድ ክፍል፣ የሥዕሉ አቀማመጥ በሌላ ክፍል ለየብቻ ነው ያሉት። በፕሮጀክት መልክ ሲቀመጥ፣ ማለትም በሰኔ 2023 ለሙከራ በወጣው ፒቢአይፒ በሚባለው አቀማመጥ፣ የሥዕሉ ፋይል በሴማንቲክ ሞዴሉ ማህደር ውስጥ ራሱን ችሎ ይታያል። በእጅ ባይከፍቱትና ባያርሙት ይሻላል። ነገር ግን ማህደሩ ጊት በሚባለው የፋይል ለውጦችን መዝግቦ በሚያስቀምጥ መሣሪያ የሚጠበቅ ከሆነ አቀማመጡ ሲበላሽ ያለፈውን ቅጂ መመለስ ይቻላል፤ ሞዴሉ ሳይነካ።

አሁን ከባልደረባችን ጋር በተስማማነው መሠረት በእያንዳንዱ ሪፖርት የመጨረሻ ገጽ ላይ አጭር ጽሑፍ እናስቀምጣለን፤ ሞዴሉ በየትኛው ወርክስፔስ እንዳለ፣ ዋናው ፋይል በየትኛው የጋራ ማህደር እንደተቀመጠ፣ ኃላፊው የትኛው ክፍል እንደሆነ። የወጪ ሪፖርቱ የመጀመሪያው ሆኗል፤ የግዢው ክፍልም የራሱን ጀምሯል።